ሊልበርን የደረሰው የኮንየርስ ጥሪ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰልኝ። ኬኩ ላይ በክሬም የተሠራ የስልክ ታወር ነበረበት፤ ክሬሙ ቀልጦ ታወሩ ወደ ጎን ዘሟል። አለቃዬ ብራያን አየት አደረገውና «አይዞሽ አስካለ፣ እሱንም በቅርቡ እናነሳዋለን» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ቀልድ የማላውቅ ሴት ሆኜ አይደለም፣ ቀልድማ የእኔ ነው። ግን ያ ሰውዬ አንድ ታወር የምሩን ሲያስነሳ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ማኅበር ላይ፣ ልደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር። «አስኩ፣ አንቺ የስልክ ሰው ነሽ። አሁን ሁሉም ቤቱ ዋይፋይ አለው፣ በዋይፋይ ይደውላል። እና ታወሩ ለምኑ ነው? ቢል የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የማኅበር ጓደኛዬ ዘውዴማ መልስ ሳትጠብቅ «አለቀለት በያቸው!» ትላለች። ዘውዴ አለቀለት ማለት ትወዳለች፤ ስለ ባንክም፣ ስለ ቤንዚን መኪናም፣ ስለ ትዳርም የምትለው ይህንኑ ነው።

እኔ ግን ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። መልሴ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው በዚሁ በዋይፋይ ጣጣ ከእጄ ሊያመልጥ ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

አትላንታ በስደተኝነት እንደገባሁ የሠራሁት ኮንየርስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ማሸግ ነበር። ማታ ማታ ተምሬ የሙያ ወረቀት ያዝኩና አንድ የስልክ ኩባንያ በር አንኳኳሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ የጠየቀኝ ጥያቄ «ቀኑን ሙሉ መንዳት ትችያለሽ?» የሚል ብቻ ነው። እችላለሁ አልኩት። ሥራው ድራይቭ ቴስት ይባላል። መኪና ውስጥ ጥቂት ስልኮች ከላፕቶፕ ጋር አያይዞ ሰፈር ለሰፈር መዞር ነው። ስልኮቹ በራሳቸው ይደውላሉ፣ ይዘጋሉ፤ ላፕቶፑ ደግሞ ኔትወርኩ የት እንደሚበረታ፣ የት እንደሚደክም ካርታ ላይ በቀለም ይነጥባል። አረንጓዴ ደኅና ነው፣ ቢጫ እንደነገሩ፣ ቀይ አይጣል ነው። በአትላንታ ዙሪያ ያሉትን ሎረንስቪልን፣ ሊልበርንን፣ ኮንየርስን እንደ እጄ መዳፍ የማውቃቸው በዚህ ነው። ደሞዙ ሊልበርን ላይ ቤት ገዝቶልኛል፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አላወራም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ በእንጨት ምሰሶ ላይ በቀበቶ ተንጠልጥለው የስልክ ሽቦ ሲቀጥሉ የኖሩ። እዚህም ለብዙ ዓመት ታወር ሲወጡ ቆይተው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ወደ መኪናው ሥራ ወረዱ። ከአፋቸው መፋቂያ አይጠፋም። እኔ «ጋሽ ሰይድ፣ አረንጓዴ ነው፣ እንለፍ» ስላቸው መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያሻገሩ «አረንጓዴማ ሣርም አረንጓዴ ነው። ውረጂና ደውይልኝ እስቲ» ይላሉ።

እወርዳለሁ። ራቅ ብዬ እደውልላቸውና ከአንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ። እሳቸው መኪናው ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስመለስ «ሰባትን በላብሽ» ይሉኛል፤ ወይም «አራት ላይ ድምፅሽ ቆርቆሮ ሆነ።» አንዳንዴ እሳቸው ልክ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ላፕቶፑ። ላፕቶፑ ልክ ሲሆን አንድ ሰዓት ያህል ይኮርፋሉ፤ ከዚያ ምሳ ይጋብዙኛል።

አንድ ቀን ሎረንስቪል የገበያ ማዕከል ጓሮ ፓርክ አድርገን ምሳችንን በልተን ስናበቃ፣ አጠገቤ ተቀምጠው በስልካቸው ደወሉልኝ። «አንሺው። ምንም አትናገሪ» አሉኝ። አነሳሁ። ጆሮዬ ላይ ሹሹ የሚል ነገር ይሰማል፣ ሰው ያለበት ክፍል ዓይነት።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«የእርስዎን ዝምታ።»

ሳቁብኝና ስልካቸውን አሳዩኝ። ማይኩን ዘግተውታል። «ከእኔ ወዳንቺ የሚሄድ ምንም ነገር የለም። ይሄን ሹሹታ የሚሠራልሽ የገዛ ስልክሽ ነው። ሰው ዝም ሲል ስልኩ ድምፅ አይልክም። ጨርሶ ጭር ካለ ደግሞ መስመሩ ሞተ ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እንዳትዘጊው ማሽኑ ሰው ያለ ያስመስልልሻል።»

 ስንት ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ፣ እሷ ዝም ስትል፣ ያ ትንፋሿ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ ፊቴን አዩና ኮስተር አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ስልክ ላይ ዝምታ ስትሰሚ ሰው አለ ብለሽ አትመኚ። የለም ብለሽም አትዝጊ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ የሙያ ትምህርት የሰጠኝ ሰው የለም።

ሌላው ልማዳቸው መስኮት ማየት ነው። ሰፈር ስንገባ ሞተሩን ያስጠፉኛል። የማን ቤት ሰው አለው፣ የማን መኪና ወጥቷል፣ ልጆች አሉ ወይ፣ አሮጊት በረንዳ ላይ አለች ወይ። «ስክሪኑን ኋላ ታዪዋለሽ፣ ይቆይሻል። ለማን እንደምንሠራ እይ መጀመሪያ» ይላሉ። እኔ እንቅልፌ እየመጣ «እሺ ጋሽ ሰይድ» እላለሁ።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔ ቀጠልኩ። ከዚያ ዋይፋይ መጣ። ኢንተርኔትማ ዱሮም ነበር፤ የመጣው ስልኩ ራሱ፣ ባለቤቱ ልብ ሳይለው፣ ቤት ሲገባ ታወሩን ትቶ በቤቱ ኢንተርኔት መደወል መጀመሩ ነው። ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ያው ቁጥር፣ ያው ድምፅ፣ እንዲያውም የጠራ። ታወሩ ግን ያንን ሰው አያየውም።

ኮንየርስ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ኮረብታ ላይ አንድ ሳይት፣ ማለትም ታወር የተተከለበት ቦታ፣ ነበረን። አንቴናዎቹን በጊዜው የሰቀሉት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከኮረብታው ሥር መሬቱ ወደ ወንዙ ይሰምጣል፤ ቤቶቹ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የማንም ኩባንያ ሲግናል እዚያ አይወርድም፣ ከእኛ ታወር በቀር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ወረድኩና ሞተሩን አጥፍቼ ላፕቶፑ ላይ የታወሩን ትራፊክ፣ በእሱ የሚያልፈውን ጥሪ፣ ከፈትኩ። ባዶ ነው። አንድም ጥሪ የለም።

ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ሰውዬ ሣር ያጭዳል። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ስልክ እያወራች ትስቃለች። ከፊት ለፊት ልጆች ይዘላሉ፣ አንዷ በስልኳ ትቀርጻለች። ስክሪኑን አየሁ፤ ማንም የለም። ደግሜ ሰዎቹን አየሁ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ እጁን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። በስክሪኑ መሠረት እዚያ ሰፈር ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በጠራራ ፀሐይ ፍርሃት ያዘኝ። ሴትዮዋ እኮ እያወራች ነው! መስኮቴን ዘግቼ ቶሎ ወጣሁ፤ ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም።

ሰኞ ብራያን ጠራኝ። ብራያን ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጄ ታማ ሳለች ሳልጠይቀው ሺፍቴን ቀይሮልኛል። ግን ቁጥር ያመልካል።

«እዚያ ሳይት ላይ ሰው የለም» አለ።

«ሰው አለ። አይቻቸዋለሁ። ቤታቸው ገብተው በዋይፋይ ነው የሚደውሉት።»

«እኮ! ታወሩ አላስፈለጋቸውም ማለት ነው።»

«መብራት የጠፋ ቀንስ? ኢንተርኔቱ የተበላሸ ቀንስ? ድንገተኛ እርዳታ ፈልገው 911 ሲደውሉስ? ስልክ ለ911 መጀመሪያ የሚፈልገው ታወር ነው።»

«የሌሎቹ ታወሮች ይሸፍኑታል።»

«ጉድጓዱን አይሸፍኑም፣ ብራያን። እኔ ነድቼዋለሁ።»

ተከራከርኩ። ካርታ ይዤ ሄድኩ፣ ከእሱ በላይ ላሉትም አስረዳሁ። ሁሉም በትሕትና ሰሙኝ፤ ታወሩን ግን አስነሱት። ዕቃው የተነሳ ዕለት ክሬኑ ሲያወርደው ጋሽ ሰይድ ከሥር ቆመው ያዩ ነበር። ለካ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ መጋዘን የሚሠሩ አበሻ ባልና ሚስት ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይተው ገብተዋል። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው መፋቂያቸውን ነክሰው «አብሽሪ፣ ብረት ነው እንጂ ሰው አልሞተ። እኔ ደግሞ ዋይፋይ አለኝ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ከሽፎብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ሽንፈት አጥንቴ ድረስ የገባ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ አበሾቹ አንድ ነገር ልበል። በስደት የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ በየጊዜው አፓርትመንት ይቀያይራል። ፖስታ ይጠፋዋል። የሥራ ፈቃድ፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ጠፍቶበት ስንቱ አልቅሷል! ስለዚህ ከመካከላችን ቤት የገዛ ሰው ካለ የሁሉም አድራሻ የእሱ ቤት ይሆናል። በእኔ ሳጥን የስንቱ ደብዳቤ መጣ መሰላችሁ። ጋሽ ሰይድ ቤት ቢቀያይሩ ቢቀያይሩ አድራሻቸው ተቀይሮ አያውቅም፤ ባንክም፣ ሐኪም ቤትም፣ መንጃ ፈቃድም ላይ የእኔ የሊልበርን ቤት ነው። ስልካቸውም የሠራተኛ ቅናሽ ስላለኝ በእኔ ፋሚሊ ፕላን፣ በቤተሰብ የስልክ ውሌ፣ ውስጥ ነው። እሑድ ይመጡና ፖስታቸውን ይወስዳሉ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ይሄዳሉ። ክፋቱ ምን ላይ ነው? ምንም ላይ አይደለም። ተረዳድተን የኖርንበት ነው።

ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል በጀመርኩ በወራት ውስጥ፣ አንድ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ፖሊስ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋ።

«ከዚህ ቤት 911 ተደውሏል። የሚናገር ሰው የለም» አለኝ።

«እኔ አልደወልኩም።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

አስፈቅዶኝ ገባ። ክፍሎቹን አየ፣ ቁም ሣጥን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር ተመለከተ። ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ እኔው ራሴ አልጋ ሥር ደግሜ አየሁ። ምን አገኛለሁ ብዬ ነው? እንጃ። ቁም ሣጥኑንም ከፈትኩት፣ የልጄንም ክፍል። እሷ አግብታ ከወጣች ቆይቷል። የገዛ ቤቴ የሰው ቤት ሆነብኝ። ለዘውዴ ብነግራት «ቤትሽን ጠበል አስረጪ! ዛሬውኑ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖ የጠረጠርኩት ታወርን ነው። ታወር አንዳንዴ የጥሪውን ቦታ ያሳስታል። ከጎረቤት የመጣ ጥሪ በእኔ ቤት ላይ አርፎ ይሆናል ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ሰፈሩን ዞርኩ፣ የሰው መስኮት ሳይ ዋልኩ። ኋላ እንደሰማሁት ያን ቀን የጋሽ ሰይድ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ተጨምቆ በራሱ ደውሎ ኖሯል። ሲያዩት ደንግጠው ዘጉት፣ አፍረውም ለማንም አልተናገሩም።

ብዙም ሳይቆይ ያው ፖሊስ ተመልሶ መጣ። ልብስ ላጥብ ስል ነው ያንኳኳው።

«እንደገና ተደውሏል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ እንደ ተጠርጣሪ! «ማንም አልደወለም እኮ ነው የምልህ! እዚህ ማንም የለም!» ብዬ ጮህኩበት።

ራሱን ነቅንቆ ያልኩትን በሬዲዮው አስተላለፈ። «እዚህ ማንም የለም፣ የቤቱ ባለቤት አልደወልኩም ትላለች» አለ። ሊሄድ ፊቱን ሲያዞር ሬዲዮው መለሰ። ያቺ የ911ን ጥሪ የምትቀበለው ሴት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «መስመሩ አሁንም ክፍት ነው፣ ምንም ቃል የለም፣ ሹሹታ ብቻ ነው የምሰማው» አለች።

 የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ቁጥሩን ንገረኝ» አልኩት።

ነገረኝ። እሱ ሳይጨርስ እኔ ጨረስኩለት። የጋሽ ሰይድ ቁጥር ነው።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ስልክ በዋይፋይ እንዲደውል ሲደረግ ለድንገተኛ ጥሪ የሚሆን አድራሻ ይጠይቃል፣ ኢንተርኔቱ ሰውየው የት እንዳለ አያውቅማ። ጋሽ ሰይድ አድራሻ ሲባሉ ዕድሜ ልካቸውን የሚጽፉትን ጽፈዋል። ታወሩ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ሆነው እርዳታ ጠሩ፤ እርዳታው ተነስቶ እኔ ዘንድ መጣ።

«የት ነው የሚኖሩት?» አለኝ ፖሊሱ።

  የመንገዱን ስም አላውቀውም! የቤቱንም ቁጥር አላውቅም። ሰውየውን የማውቃቸው ግማሽ ዕድሜዬን ነው፤ የእሳቸው የሆነ ወረቀት ሁሉ ላይ ያለው ግን የእኔ ቤት ነው። አከራዮቻቸው ጋ ደወልኩ፤ መጋዘን ውስጥ ስልክ ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ማን ያነሳል? ከዚያ የተነሳው ሳይት አድራሻ ትዝ አለኝ። እሱን በእንቅልፌም አልስተውም። «ከኮረብታው ወደ ታች፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ወደ ግራ፣ ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ጀልባ አለ፣ በጓሮ በኩል ቤዝመንቱ!» እያልኩ ስለፈልፍ እሱ በሬዲዮ ይደግማል። ኮንየርስ ሌላ ካውንቲ፣ ሌላ አስተዳደር ነው፤ የዚህ ሰዎች ለእዚያዎቹ ማስተላለፍ አለባቸው። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱ አላልቅ አለኝ። የፊት መኪናውን እሳደባለሁ፣ እመቤቴን እለምናለሁ፣ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ። እሳቸው ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። የሚመልስልኝ የተቀዳ ድምፃቸው ነው፤ «ሰይድ ነኝ። አሁን የለሁም» ይላል። ዘግቼ እደውላለሁ። «ሰይድ ነኝ። አሁን የለሁም።» ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩት መልእክት ነው፤ ያን ቀን ግን የምሩን የሚል መሰለኝ። ያ የሬዲዮዋ ሹሹታ የሰው ይሁን የማሽን ማን ያውቃል? እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዳልመነው ያስተማሩኝ።

ስደርስ አምቡላንሱ ጓሮው ላይ ቆሟል፣ በሩ ተገንጥሏል። በቃሬዛ ሲያወጧቸው አየሁ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ግራ እጃቸው ተንጠልጥሏል፣ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። ሐኪሙ ኋላ «ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም።

የዚያን ሳምንት እሑድ በእኔ ፕላን ውስጥ ያሉትን ሁሉ ቤቴ ጠራሁ። ዘውዴም መጣች። አንድ በአንድ፣ ለድንገተኛ ጥሪ የሚሆነውን የየራሳቸውን ቤት አድራሻ ስልካቸው ላይ አስገባሁላቸው። የገዛ መንገዳቸውን ስም ለልጆቻቸው ደውለው የጠየቁ ነበሩ፤ እኔ ምን አፍ አለኝና ልሳቅባቸው? እና ጥያቄውን መልሺ ካላችሁኝ ይኸውላችሁ፤ ዋይፋይ ታወርን በጉልበት አይገድለውም። ሰዉን ከታወሩ ዓይን ይሰውረዋል፤ ከዚያ እንደ ብራያን ያለ ደኅና ሰው ባዶውን ስክሪን አይቶ ይገድለዋል። ዘውዴ «ያው አለቀለት ማለት አይደል?» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ የእሷንም አድራሻ አስገባሁላት።

ጋሽ ሰይድ ሎረንስቪል አንድ ማገገሚያ ገቡ። ቃል የተመለሰላቸው ቀስ በቀስ ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ ላጠጣቸው ስል እጄን በደኅናው እጃቸው አገዱና ማውራት ጀመሩ፤ እየተጎተተ፣ እየተቆራረጠ፣ ግን ጥርት ብሎ።

«ሁሉንም እሰማ ነበር» አሉኝ። «ምላሴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው። ሴትዮዋ ስልኩ ላይ፣ ሰዎቻችን ደርሰዋል፣ በርዎ ላይ ናቸው አለችኝ። በሩ እግሬ ሥር ነው። አየሁት። ማንም አያንኳኳም። እንደገና፣ በርዎ ላይ ናቸው አለችኝ። አየሁት። ማንም የለም።»

ትንፋሽ ወሰዱ። እኔ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ቆየችና ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ጌታዬ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም እያሉ ነው አለችኝ። ወላሂ ያን ጊዜ ሞቻለሁ አልኩ። መጡ፣ ገቡ፣ አዩኝ፣ አጡኝ። ለካ ሞት ማለት ይሄ ነው፣ ትሰሚያለሽ እንጂ የለሽም አልኩ። ሸሃዳዬን በልቤ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ።»  ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ማን ነው ግን ማንም የለም ያላቸው?»

መዋሸት እችል ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሽ ሰይድ» አልኳቸው። «በሩ ላይ ቆሜ ማንም የለም ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ደኅናው እጃቸው ተንቀሳቅሶ እጄን ያዘ፣ ጠበቅ አደረገው።

«ድምፅሽን አላሰሙኝማ» አሉ። «ያንን ጩኸትሽን ብሰማው ኖሮ እንዳልሞትኩ አውቅ ነበር።»